ብሸነፍ እጄ ላይ ምን ይቀራል?

ሁለት ዓመት ሙሉ ያላለቀ ዘፈን ነበረኝ። አዝማች አለው። የመጀመሪያው ቨርስ፣ ማለትም ከአዝማቹ በፊት የሚዘፈነው የግጥም ክፍል፣ አለው። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ጊታር ባነሳሁ ቁጥር እስከዚያ ድረስ እዘፍነዋለሁ። ባዶው ጋ ስደርስ ዜማውን ብቻ አንጎራጉርና ጊታሩን መልሼ አስቀምጣለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ "እየሠራሁት ነው" እላለሁ። አልሠራውም ነበር። እዚያው ተኝቶ ነበር።

አንድ ቀን የዘፈን ድርሰት ውድድር ማስታወቂያ አየሁ። ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶታል። ብዙም ሳላስብ የመመዝገቢያውን ክፍያ ከፈልኩ። ገንዘቡ ከኪሴ ከወጣ በኋላ ዘፈኑን ሳልጨርስ መተኛት አቃተኝ። በሦስተኛው ሌሊት ሁለተኛው ቨርስ መጣ። ስለ አባቴ ብዬ የጀመርኩት ዘፈን አባቴ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሄዶ አረፈ። ሁለት ዓመት የጠፋብኝ ነገር ያ ወንበር ነበር። በስልኬ ቀረጽኩት። ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ላክሁት።

አላለፈም። ከወራት በኋላ አጭር ኢሜይል መጣ። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን ይላል። ስሜ እንኳን በትክክል አልተጻፈም። ለጥቂት ቀናት ከፋኝ። ማንንም ማናገር አስጠላኝ። ከዚያ አንድ ምሽት ጊታሩን አነሳሁና ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈንኩት። ሙሉ ነው። ባዶ ቦታ የለውም። ውድድሩ ሽልማቱን ባይሰጠኝም ዘፈኔን ሰጥቶኝ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ለውድድርም ሆነ ለኦንላይን ማስተዋወቂያ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ብሸነፍ እጄ ላይ ምን ይቀራል? ብዙ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ካባከንኩ በኋላ የመጣ ጥያቄ ነው። ያለ ኩባንያ፣ ያለ ማኔጀር፣ ብቻውን ዘፈን የሚሠራ ሰው እንደ እኔ እንዳይከፍልበት ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው።

የዘፈን ድርሰት ውድድሮች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተጀመረው፣ በቢትልሱ ዘፋኝ በጆን ሌነን ስም የሚጠራው ውድድር አለ። በ2002 የተጀመረው ኢንተርናሽናል ሶንግራይቲንግ ኮምፒቲሽን አለ። እነዚህ ረጅም ዕድሜ ያላቸው፣ ዳኞቻቸውንና ያለፉ አሸናፊዎቻቸውን በግልጽ የሚያሳውቁ ውድድሮች ናቸው። ክፍያ ግን አላቸው። ዘርፋቸውም ብዙ ነው። ፖፕ፣ ፎክ፣ የግጥም ብቻ፣ የዓለም ሙዚቃ እያለ ይቀጥላል። አንዱን ዘፈን ሦስት ዘርፍ ውስጥ ካስገባችሁት ሦስት ጊዜ ትከፍላላችሁ። እኔ አንድ ዓመት እንደዚያ አድርጌያለሁ። ዕድሌን ሦስት እጥፍ ያሳደግሁ መስሎኝ ነበር። ያው አንድ ዘፈን ነው። ለአንደኛው ዘርፍ ካልሆነ ለሌላው የሚሆንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የለም።

በጣም የምወደው ግን በነፃ የሚገባበትን ነው። የአሜሪካው የሕዝብ ራዲዮ ኤንፒአር የሚያዘጋጀው የታይኒ ዴስክ ውድድር ክፍያ የለውም። መወዳደር የሚችሉት አሜሪካ የሚኖሩ ብቻ ናቸው። አሠራሩን ግን ሁሉም ሊያየው ይገባል። ሙዚቀኛው የራሱን ዘፈን አንድ ጠረጴዛ አጠገብ ሆኖ ይጫወታል፣ በቪዲዮ ይቀርጻል፣ ዩቲዩብ ላይ ይጭናል፣ ሊንኩን ይልካል። በቃ። በ2015 የመጀመሪያው አሸናፊ ሲመረጥ ወደ 7,000 የሚጠጋ ቪዲዮ ገብቶ ነበር። ያሸነፈው ፋንታስቲክ ኔግሪቶ የተባለ የኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ሰው ነው። በ1990ዎቹ ከትልቅ ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ ነበር፣ አልተሳካለትም። ከዚያ በመኪና አደጋ ለሳምንታት ራሱን ስቶ ተኛ። እጁም ተጎዳ። ሙዚቃን ትቶ ለዓመታት ጠፋ። ለውድድሩ የላከው ቪዲዮ የዕቃ ማመላለሻ ሊፍት ውስጥ የተቀረጸ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ግራሚ፣ ትልቁን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት፣ ወስዷል።

የእሱ ታሪክ ያስደስተኛል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የተሸነፉት ነገር ነው። ሺዎች ተሸንፈዋል። እያንዳንዳቸው ግን አንድ ያለቀ ዘፈንና ሰው የሚያየው ቪዲዮ በራሳቸው ገጽ ላይ ቀርቷቸዋል። ውድድሩ ሲያልቅ ቪዲዮው አልጠፋም። ለሰው ሊልኩት፣ ለመድረክ ሥራ ሊያሳዩት ይችላሉ። ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። ለሚሸነፈው ሰው የሚተርፍ ነገር አስቡ።

የዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1958 ዩሮቪዥን በተባለው የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ላይ ጣሊያናዊው ዶሜኒኮ ሞዱኞ፣ ሰው "ቮላሬ" ብሎ የሚያውቀውን ዘፈን ይዞ ቀረበ። ሦስተኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1959፣ ግራሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የዓመቱ ቅጂም የዓመቱ ዘፈንም ተብሎ የተሸለመው ያው ሦስተኛ የወጣው ዘፈን ነው። ያን ዓመት ዩሮቪዥንን ማን እንዳሸነፈ ስንቶቻችን እናውቃለን?

አንድ ጊዜ እኔም ዳኛ ሆኛለሁ። ዳኛ ማለት ይበዛበታል። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ከሚያዳምጡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ትንሽ ውድድር ነው፣ አንድ ጓደኛዬ "እባክህ አግዘኝ፣ በሳምንት ውስጥ መጨረስ አለብን" ብሎ ለመነኝ። ሁለት መቶ ያህል ዘፈን ደረሰኝ። ያ ሳምንት ከየትኛውም ትምህርት ቤት በላይ አስተምሮኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሃያ ዘፈኖች በአክብሮት አዳመጥኩ። ማስታወሻ እየያዝኩ፣ አንዳንዱን ደግሜ እየሰማሁ። አርባ ላይ ስደርስ ጆሮዬ ደከመ። ስልሳ ላይ ራሴን ታዘብኩ። መግቢያው አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ሲመጣ እጄ ወደ ፊት ለማሳለፍ ይሄዳል። መጥፎ ሰው ስለሆንኩ አይመስለኝም። ከፊቴ መቶ አርባ ሰው ተሰልፏል። ሁሉም ልቡን ልኳል። ጊዜዬ ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ብዙው ዘፈን የሚሞተው ሁለተኛው ቨርስ ላይ ነው። መጀመሪያው ያምራል። አዝማቹም ያምራል። ሁለተኛው ቨርስ መጀመሪያ የተባለውን በሌላ ቃል ይደግመዋል። ሰውየው የሚናገረው አልቆበታል፣ ዘፈኑ ግን ገና ግማሽ ነው። ይህን ስሰማ የራሴ ባዶ ቦታ ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት የፈጀብኝ እሱ ነበር።

ሦስተኛው፣ በማግስቱ ጠዋት ትዝ የሚሉኝን ዘፈኖች ቆጠርኩ። ከሁለት መቶው አሥራ አንድ ናቸው። የአብዛኞቹ ቀረጻ ተራ ነው። በስልክ የተቀረጹም አሉባቸው። ሁሉም ግን አንድ የሚታይ ነገር ነበራቸው። አንዷ ስለ ፍቅር ስትዘፍን የተረሳ ጃንጥላ አለ። አንዱ ስለ ስደት ሲዘፍን በእጁ የቀረ የድሮ ቤት ቁልፍ አለ። "ልቤ ተሰበረ" የሚለው መስመር ምናልባት ሠላሳ ዘፈን ውስጥ ነበረ። አንዱንም አላስታውስም።

ስለዚህ አሁን ስሸነፍ አንድ የደከመ ሰው ስልሳኛ አድርጎ ሰምቶኝ ይሆናል እላለሁ። ንዴቴም ይበርዳል። መግቢያዬን ግን አሳጥራለሁ።

ስለ ደንቦቹ ትንሽ ልበል። አሰልቺ ናቸው፣ ግን አንብቧቸው። አንድ ዘፈን ሁለት መብት አለው። አንደኛው የድርሰቱ ነው፣ ማለትም የግጥሙና የዜማው። ሁለተኛው የቅጂው፣ የተቀረጸው ድምፅ መብት ነው። ጥሩ ውድድር ሁለቱንም ለእናንተ ይተውላችኋል። ዘፈኑን ለማሳወቅ ያህል የመጠቀም ፈቃድ ቢጠይቅ ምንም አይደለም። "የገባው ዘፈን ሁሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናል" የሚል መስመር ካያችሁ ግን ገጹን ዝጉት። ብትሸነፉም ዘፈናችሁ ሄዷል ማለት ነው። ለሁሉም ተሳታፊ "ለግማሽ ፍጻሜ አልፈሃል" ብሎ የምስክር ወረቀት የሚሸጥም አለ።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በመጽሔቶች ጀርባ ላይ "ግጥምዎን ይላኩልን፣ ዘፈን እናደርገዋለን" የሚል ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። ግጥሙ ምንም ይሁን ምን "ድንቅ ነው" የሚል መልስ ይመጣል። ከዚያ ክፍያ ይጠየቃል። ዜማ ይገጠምለታል፣ ጥቂት ቅጂ ይላካል፣ በዚያው ያበቃል። ሠሪዎቹን "ሶንግ ሻርክ"፣ የዘፈን ሻርክ፣ ይሏቸው ነበር። መጽሔቱ ወደ ስልክ ተቀየረ እንጂ ደብዳቤው ያው ነው። ዛሬም በየሳምንቱ ይደርሰኛል። "ዘፈንህን ሰማነው፣ በጣም ተደነቅን" ይላል። የትኛውን ዘፈን እንደሆነ አይናገርም።

ወደ ኦንላይኑ ልምጣ። እዚህ የተጎዳሁት ይበልጣል።

ያ የተሸነፈው ዘፈን በደንብ ተቀርጾ ከወጣ በኋላ አንድ "አስተዋዋቂ ነኝ" የሚል አካል ጻፈልኝ። በአንድ ወር ውስጥ አሥር ሺህ ጊዜ ይደመጥልሃል አለ። እውነተኛ አድማጮች፣ እውነተኛ ፕሌይሊስቶች፣ ማለትም ሰው መርጦ የሰበሰባቸው የዘፈን ዝርዝሮች። ከፈልኩ። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ አራት ሺህ። ሌሊት እየተነሳሁ አየው ነበር። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። "ጎሽ የኔ ልጅ!" አለችኝ።

ከዚያ ረጋ ብዬ መረጃውን ከፈትኩት። አድማጮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአንድ ከተማ ናቸው። ስሟን ሰምቼ የማላውቃት ከተማ። ዘፈኑን ወደ ራሱ ስብስብ ያስቀመጠ ሰው የለም። ሌላ ዘፈኔን የከፈተ የለም። የጻፈልኝ የለም። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚደመጥበት ስፖቲፋይ ላይ አንድ መደመጥ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። የእኔ አድማጮችም 30 ሰከንድ እንዳለፈ ይቆማሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሰው አልነበሩም፣ ፕሮግራም ነበሩ።

ትንሽ ቆይቶ ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይ ያስገባልኝ አከፋፋይ ድርጅት ማስጠንቀቂያ ላከ፣ ዘፈኑም ወረደ። የአባቴ ወንበር፣ የሁለት ዓመት ሥራዬ ወረደ። ቁጥሩም አብሮ ዜሮ ሆነ። ይግባኝ ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም። እንደ አዲስ ማውጣት ነበረብኝ። ለእናቴ መልሼ መደወል ከበደኝ። ዛሬ ስፖቲፋይ ጉልህ የሆነ የሐሰት ስትሪም (በፕሮግራም የተፈጠረ መደመጥ) ሲያገኝ አከፋፋዩን ራሱን ያስከፍላል። አከፋፋዮቹ ደግሞ ያንን ወደ ሙዚቀኛው ይመልሱታል። ስለዚህ ቁጥር ቃል የሚገባላችሁን ሰው ሸሹት። ጆሮ ሊያገናኛችሁ የሚሞክር ሰው አለ። ቁጥር አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችል ግን የለም።

ቁጥርን ጨርሶ አትዩ አልልም። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተደመጠ ምንም ክፍያ አይታሰብለትም። ለትንሽ ሙዚቀኛ ይህ ያማል። እኔንም ያመኛል። የ800 ሰው ጆሮ ዋጋ የለውም የሚል ደንብ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሰው ወደ ሐሰተኛ ስትሪም የሚገፋውም በከፊል እንዲህ ያለ ደንብ ነው።

በነፃ ያለውን ግን ብዙዎቻችን አንጠቀምበትም። ዘፈን ከመውጣቱ በፊት ስፖቲፋይ ለሙዚቀኞች ባዘጋጀው ገጽ፣ በስፖቲፋይ ፎር አርቲስትስ በኩል ለፕሌይሊስት አዘጋጆች ማቅረብ ይቻላል። ክፍያ የለውም። ቢያንስ 7 ቀን ቀድማችሁ ካቀረባችሁ፣ አዘጋጆቹ ባይመርጡት እንኳን ዘፈኑ በተከታዮቻችሁ የአዲስ ዘፈን ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ብትሸነፉ የሚቀር ነገር አለ ማለት ነው። የወጣ ዘፈን ግን አይቀበሉም። እኔ የመጀመሪያ ሦስት ዘፈኖቼን በጨረስኩበት ቀን ነው የለቀቅሁት። መታገስ አቅቶኝ ነበር። አሁን ዘፈን ካለቀ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀምጠዋለሁ።

እንደ ሰብሚትሃብና ግሩቨር ያሉ መድረኮችም አሉ። ትንሽ ትከፍሉና ዘፈናችሁን ለፕሌይሊስት ሠሪዎች፣ ለራዲዮ ሰዎች፣ ለጸሐፊዎች ትልካላችሁ። ሰብሚትሃብ ላይ በክፍያ ለላካችሁት በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ ይጠበቃል። ግሩቨር ላይ በ7 ቀን ካልመለሱላችሁ ለመላክ የከፈላችሁት ክሬዲት ይመለስላችኋል። የሚከፈለው ለመደመጥና ለመልስ ነው፣ ለመመረጥ አይደለም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ፕሌይሊስት ውስጥ መግባትን በቀጥታ መግዛት የስፖቲፋይን ደንብ ይጥሳል።

እኔ ለዘጠኝ ሰዎች ላክሁ። ስምንቱ አልፈለጉትም። ከስምንቱ አንደኛው "ጥሩ ነው፣ ለእኛ ግን አይሆንም" አለ። ይህ ምንም አይጠቅምም። አራቱ ግን፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ አንድ ነገር ጻፉ። አዝማቹ ዘግይቶ ይመጣል። አንድ ሰው ቢለኝ ምን ያውቃል ብዬ አልፈው ነበር። አራት ሰው ሲለኝ ቁጭ ብዬ ሰዓት ይዤ ለካሁት። አንድ ደቂቃ ከሃያ አምስት ሰከንድ። እኔ ራሴ በማጣሪያው ላይ የምዘለው ዓይነት ዘፈን ሆኗል! በሚቀጥለው ዘፈን አስተካከልኩት። ያ ገንዘብ አላበሳጨኝም።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ማስታወቂያ መግዛትን ሞክሬዋለሁ፣ ብዙ የምለው የለኝም። ሰው ሊንኩን ይነካል፣ ይሄዳል። ሊንኩ ወስዶ የሚያሳርፈው ቦታ ከሌለ ማስታወቂያው ውሃ ወንፊት ውስጥ መጨመር ነው።

የሚያሳርፍ ቦታ ስል ምን ማለቴ ነው? በ2019 ማይስፔስ፣ በአንድ ወቅት ብዙ ሙዚቀኞች ዘፈናቸውን የሚጭኑበት ማኅበራዊ ድረ ገጽ፣ ከ2003 እስከ 2015 ድረስ የተጫኑ ሙዚቃዎች ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወሩ መጥፋታቸውን አመነ። ወደ 14 ሚሊዮን የሚገመቱ ሙዚቀኞች፣ ወደ 50 ሚሊዮን የሚገመት ዘፈን። ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጠ ሰው ዘፈኑ ጠፋ። ከዘፈኑ ጋር አድማጩም ጠፋ፣ ምክንያቱም አድማጩ የት እንዳለ የሚያውቀው መድረኩ ብቻ ነበር። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ የዘፈኖቼን ዋና ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ። የአድማጮቼንም ኢሜይል አንድ በአንድ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሙዚቀኛው ዘፈኑን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጥበትን ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕን፣ የምወደው ለዚህ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፣ ከገዛኝ ሰው ጋር ግን ያገናኘኛል። ስትሪም ያደረገኝን ሰው ስሙን አላውቀውም። የገዛኝን ሰው አመሰግነዋለሁ።

የኢሜይል ዝርዝሬ ላይ ዛሬ 214 ሰዎች አሉ። አራት ዓመት ፈጅቷል። ከአሥር ሺው የሐሰት ጆሮ ጋር ሳስተያየው ትንሽ ነው። እነዚህ ግን ሰዎች ናቸው። አዲስ ዘፈን ሲኖረኝ እጽፍላቸዋለሁ፣ ይመልሱልኛል። አንዳንዱ "ይሄኛው አልገባኝም" ይለኛል። እሱንም እወደዋለሁ።

ባለፈው ወር ከእነሱ አንዷ ጻፈችልኝ። አባቷን በቅርብ ያጣች ናት። ያን የተሸነፈውን ዘፈን በቤተሰብ መካከል ልትዘፍነው ትፈልጋለች። ጊታር የሚመታ ወንድም አላት፣ ኮርዶቹን ግን ማግኘት አልቻለም። "ሁለተኛው ቨርስ ላይ የሚቀየረው ኮርድ ምንድን ነው?" ስትል ጠየቀችኝ።

ኮርዶቹን በወረቀት ላይ በእጄ ጻፍኩ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ለድምፅዋ ከፍ የሚል ከሆነ ካፖውን፣ የጊታሩ አንገት ላይ የሚታሰረውን መቆንጠጫ፣ አውርዱት አልኳት።